የማንሺው መንገድ፦ ከፓሪስ እስከ ሴን-ፖል

ታኅሣሥ 3፣ ፓሪስ

ጉዞውን የጀመርኩት እዚሁ ከምኖርበት ከፓሪስ ነው። ወደ ሬዩኒየን ደሴት ከመብረሬ አንድ ቀን በፊት ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ወደ ሉክሰምበርግ የአትክልት ስፍራ አመራሁ። በብርድ ወራት በሮቹ በጊዜ ይዘጋሉ። ጠባቂዎቹ ፊሽካ እየነፉ ሰው ማስወጣት ሳይጀምሩ ልድረስ ብዬ እየተጣደፍኩ ነበር። የምፈልገው አንድ ሐውልት ነው። እስከ ደረቱ የተቀረጸ ሰው፣ ክንፍ ያላት ሴት ከሥር ተንጠራርታ አቅፋዋለች። የሠራው ዴኒ ፑዌሽ ነው፣ የቆመውም በ1898። (የጉዞዬን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ የገጣሚውን ዘመን ግን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

ሰውየው ፈረንሳያዊው ገጣሚ ለኮንት ደ ሊል ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ስማር ነው። አስተማሪያችን ስለ ቀትር የጻፈውን ግጥም ሰሌዳ ላይ ጻፈልን። ቀትር የበጋ ንጉሥ ሆኖ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል፣ የደረሰው ስንዴ እንደ ወርቅ ባሕር ተኝቷል፣ ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም። እኔ ያደግኩት አርሲ ነው። ያን ግጥም ሳነብ ኅዳር ላይ በአሰላ ዙሪያ ያለው ስንዴ ፊቴ ድቅን አለ። የጻፈውም የስንዴ አገር ልጅ መስሎኝ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

አልነበረም። የተወለደው በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ባለች ደሴት፣ ሴን-ፖል በምትባል ከተማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1818 ነው። ደሴቲቱ ያኔ ቡርቦን ትባል ነበር፤ የዛሬዋ ሬዩኒየን ናት። አባቱ ከብሪታኒ የመጣ የጦር ሐኪም ሲሆን ኋላ የእርሻ ባለቤት ሆነ። እናቱ ከቆዩት የሰፋሪ ቤተሰቦች ነች። እርሻ ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን ባሪያ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 4 እና 5፣ በአየር ላይ፣ ከዚያ ሴን-ፖል

ቲኬቱ ደርሶ መልስ 1,140 ዩሮ ፈጀ። የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ዋጋው ጣራ ይነካል፣ ቀደም ብሎ ያልገዛ ይከፍላል። ከአገር ቤት መምጣት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሬዩኒየን የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ሸንገን ውስጥ የለችም። የሸንገን ቪዛ ብቻውን አያስገባም፣ ለሬዩኒየን የሚሠራ ቪዛ ነው የሚያስፈልገው።

በረራው 11 ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ስንደርስ ሰዓቴን ሦስት ሰዓት ወደፊት ገፋሁ። ከአዲስ አበባ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ብቻ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ፣ እናቴን ያለ ስሌት መደወል የምችልበት ሳምንት ሆነልኝ።

ሻንጣዬ ግን አልመጣም። ቆሜ ቆሜ የሚሽከረከረው ጎማ ባዶ ሆነ። ነገ ይመጣል ተባልኩ። በዚያ 31 ዲግሪ ሙቀት በፓሪስ ቦቲና በጥቁር ካፖርት ወጣሁ።

ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከሴን-ዴኒ ወደ ሴን-ፖል የሚሄደው ቢጫ አውቶቡስ ሁለት ዩሮ ነው። መንገዱ ራሱ ለማየት ያበቃል። የድሮው መንገድ ከገደል ሥር ነው የሚያልፈው፣ ድንጋይ እየተናደ ስንት ሰው ገድሏል። አሁን ባሕሩ ውስጥ ምሰሶ ተክለው ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ድልድይ ሠርተዋል። በግራ ገደሉ በመረብ ታስሮ ይታያል፣ በቀኝ ውሃ ብቻ።

ማደሪያዬን በሌሊት 50 ዩሮ የተከራየሁት ከአንዲት አሮጊት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በእንጨት የተሠራች ትንሽ በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ ማንጎ። ሴትየዋ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በልቤ እማማ አልኳቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ካፖርቴን ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ ወደ ቤት ገብተው የሟች ባላቸውን ሸሚዝ ይዘውልኝ መጡ። ልክ በልክ ሆነኝ።

ዓርብ ስለነበር ባሕሩ ዳር ያለው ገበያ ቆሟል። ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ቀትር ነው የሚውለው። ገና መግቢያው ላይ «ሳሙሳ፣ ሳሙሳ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳምቡሳ ነው! ከሕንድ፣ ከጉጃራት የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ያስለመዱት ነው። የእኛን ግማሽ ያህላል፣ ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ በአንድ ጉርሻ ያልቃል። የገና ጾም ላይ ስለሆንኩ ውስጡ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ዶሮ፣ አሳ፣ አይብ፣ የአሳማ ሥጋ። መጨረሻ ላይ የአትክልት አለ አለችኝ፣ አምስቱን በሦስት ዩሮ ገዛሁ። የምስር ግን የለም። የምስር ሳምቡሳ የማያውቅ የሳምቡሳ አገር ማየቴ ገረመኝ።

እዚያው ገበያ ሁለት ነገር እጄ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። አንደኛው በክር የታሰረ ቫኒላ ነው። ጥቁር፣ ቅባት ያለው፣ እንደ ቀጭን የቆዳ ጠፍር የሚተጣጠፍ። ቫኒላን በእጅ ማዳቀል የሚቻልበትን ቀላል ዘዴ በ1841 ያገኘው ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ነው፣ በዚችው ደሴት፣ በባርነት ላይ ሳለ። ዓለም በሙሉ ዛሬ በእሱ ዘዴ ይሠራል። እሱ ግን በድህነት ሞተ። ሁለተኛው ቡና ነው። ቡርቦን ፖዋንቱ የሚሉት፣ ፍሬው ቀጠን ብሎ ጫፉ የሾለ፣ 100 ግራሙ 22 ዩሮ። በ1715 ከየመን፣ ከሞካ ወደብ የመጣው ቡና ዘር ነው። የመን ከመግባቱ በፊት ከየት እንደሄደ ለእኛ ሰው አይነገርም። ነጋዴው ከየት ነህ አለኝ። ከኢትዮጵያ ስለው የከረጢቱን አፍ ፈትቶ አፍንጫዬ ድረስ አመጣልኝና «እንግዲያው ዘመድህን ሰላም በል» አለኝ። ገንዘብም አልተቀበለኝም፣ ስላሸተትኩ ብቻ ደስ ብሎት ተለያየን።

በሄድኩበት ሁሉ ሌቺ ነው። ወቅቱ ደርሷል። ቅጠሉ ሳይለቅ በዘለላ ታስሮ ኪሎው አራት ዩሮ። ክፍት ጫማ በ12 ዩሮ ገዝቼ ቦቲዬን በከረጢት ይዤ ገባሁ።

ታኅሣሥ 6፣ የባሕሩ መቃብር

ሻንጣው ከረፋዱ መጣ። እኔ ግን ቀድሜ ወጥቼ ነበር፣ እማማ ተቀብለው አስቀመጡልኝ።

መቃብሩ ከገበያው በስተደቡብ ነው፣ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ባሕር፣ መሃሉ ላይ ነጭ አጥርና ነጭ መስቀሎች፣ አበባ በየቦታው። ሰው በብዛት የሚጎበኘው የአንድ የባሕር ወንበዴ መቃብር ነው፣ ላ ቡዝ ይሉታል፣ በ1730 ነው የተሰቀለው። ድንጋዩ ላይ የራስ ቅልና አጥንት ተቀርጿል፤ ሰዎች የሩም ጠርሙስና ሲጋራ ያስቀምጡለታል። ሦስት አውቶቡስ ቱሪስት ከቦታል። ወደ ገጣሚው መቃብር ስሄድ ብቻዬን ነበርኩ።

ለኮንት ደ ሊል ይህችን ደሴት ምን ያህል ኖረባት? ስደምረው አሥር ዓመት ገደማ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ብሪታኒ ይዞት ሄደ፣ በ1832 መለሱት። በ1837 ሕግ ሊማር ወደ ሬን ተላከ። በ1843 ተመልሶ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፣ በ1845 ሄደ፣ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ አልረገጣትም። በ1894 ፓሪስ አጠገብ ሉቭሲየን ውስጥ ሞቶ ሞንፓርናስ ተቀበረ። አፅሙን ወደዚህ ያመጡት በ1977 ነው፣ 83 ዓመት ቆይቶ። እኔ ከአገሬ ከወጣሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ድንጋዩ ፊት ተቀምጬ ይህን ቁጥር ደጋግሜ አሰብኩት።

ከወጣሁ በኋላ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። አሸዋው ጥቁር ነው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ። መዋኘት ክልክል ነው፣ ሻርክ አለ፣ በየቦታው ምልክት ተክለዋል። ትንሽ ልራመድ ብዬ ስሄድ የአዲሱ ጫማዬ ጠፍር ብጥስ አለ። ልክ ቀትር ላይ። ጥቁር አሸዋ ቀትር ላይ ምጣድ ነው። መንገዱ ጋ ለመድረስ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ሮጬ ስደርስ የግራ እግሬ ውስጥ ውኃ ቋጥሮ ነበር። በፓሪስ የተቀመጠ ሰው ቀትርን ለምን ንጉሥ እንዳለው ያኔ እግሬ ገባው። የስንዴው ሜዳ ፈረንሳይ ይሁን እንጂ ቀትሩ ከዚህ የሄደ ይመስለኛል።

እማማ የሬት ቅጠል ሰንጥቀው ቀቡልኝ። አያቴም ይህንኑ ነበር የምታደርገው።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ፣ ከኮረብታው ወደ ቤተ ክርስቲያን

የመጣሁበት ዋናው ምክንያት ይህ ቀን ነው።

«ማንሺ» የሚባል ግጥም አለው። ማንሺ ማለት ከቀጭን ሸንበቆ የተሠራ አልጋ ነው፣ በቀርከሃ ላይ አንጠልጥለው ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ይሸከሙታል። ግጥሙ ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ የአጎቱ ልጅ ኤሊክሴን ደ ላኑ እንደነበረች ይነገራል። እሑድ እሑድ ጠዋት ነጭ ስስ ጨርቅ ተጋርዶላት በማንሺ ሆና ከኮረብታው ወደ ከተማ ትወርዳለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። እግሯ ከነጠላ ጫማዋ ወጥቶ ከማንሺው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌቺው እንኳን እንደ ከንፈሯ አልቀላም ይላል። ሁለት ቴሊንጋዎች፣ ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች፣ ተሸክመዋታል። ነጭ ለብሰው፣ አምባር አጥልቀው፣ እየዘፈኑ ኩሬውን ታክከው ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሞታለች። በባሕሩ ዳር አሸዋ ውስጥ፣ እሱ ከሚወዳቸው ሙታን ጋር ተኝታለች።

ያን መንገድ በእሑድ ጠዋት በእግሬ ልሄደው ነበር የመጣሁት። እግሬ ቢቆስልም ቀኑን ማሳለፍ አልፈለግኩም፣ በጨርቅ አስሬ በካልሲና በቦቲ ወጣሁ።

እሑድ አውቶቡስ እንደሌለ ቢቆጠር ይሻላል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠብቄ ተመለስኩ። የእማማ የወንድም ልጅ በመኪናው ላድርስህ አለኝ። «ቤርኒካ» አልኩት። ቤርኒካ ገጣሚው የዘመረለት ሸለቆ ነው፣ ከከተማዋ ራስጌ በገደል መሃል ያለ። ልጁ ግን ላይኛው ቤርኒካ፣ መኖሪያ ሰፈሩ ጋ አውርዶኝ ሄደ። ስልኬን ስከፍተው ሸለቆው ከታች ቀርቷል። እንደ እውነቱ ከሆነ ለእኔ ይሻል ነበር፤ ልጅቷም ከላይ ነው የመጣችው። ሸለቆው ውስጥ መግባት ደግሞ ድንጋይ ስለሚወድቅ አይመከርም ብለውኛል።

ጠመዝማዛውን አስፋልት ሁለት ሰዓት ወረድኩት። ፀሐይ ገና አልበረታችም። ከየቤቱ የሽንኩርትና የእርድ ሽታ ይወጣል፣ የእሑድ ምሳ እየተሠራ ነው። ከታች ባሕሩ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ስወርድ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ስለ ልጅቷ ማሰብ ተውኩ። ይህን ቁልቁለት ሰው ተሸክሞ፣ አልጋው ሳይወዛወዝ፣ እየዘፈኑ መውረድ! ከፊት ያለው ጉልበቱን ማጠፍ አለበት፣ ከኋላ ያለው ቀርከሃውን ከፍ ማድረግ አለበት። ገጣሚውም አይቶታል፤ ቀጭን ጅማታም ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ጽፏል።

በእኛም ገጠር ሰው በቃሬዛ ይሸከማሉ። ልጅ ሳለሁ የአባቴን አክስት ታመው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያ ሲያመጧቸው አይቻለሁ። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላ አራት ይከተላል፣ ሲደክማቸው ይቀባበላሉ። ማንም አዛዥ የለም። ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው በሰው ትከሻ ሲሄድ አላውቅም ነበር።

ኩሬው አሁን የተጠበቀ ሥፍራ ነው። ደንገል በቅሎበታል፣ የጣናው ደንገል! ዳር ዳሩን ጎደሬ ተክለዋል። ሮሽ የሚሉትን መንገድ ይዤ ወደ ከተማ ስገባ ቅዳሴው አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። የግራ ካልሲዬ ርሷል። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ውኃ ጠጣሁ።

ማታ በረንዳው ላይ ግጥሙን ለእማማ አነበብኩላቸው። ትምህርት ቤት ሳሉ ሌላ ግጥሙን በቃላቸው ይዘው ነበር፣ ይህን ግን አያስታውሱትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ቆንጆ ነው አሉ። ቀጥለው ጠየቁኝ፦

«የተሸከሟትስ? ስም የላቸውም?»

ግጥሙ ውስጥ የላቸውም። ቴሊንጋ ነው የሚላቸው፣ የቴሉጉ ተናጋሪ ሕንዶች ናቸው። ከ1828 ጀምሮ በውል ሥራ የመጡ ነበሩ። የእማማ አያት በእናታቸው በኩል ከሕንድ ናቸው። በአባታቸው በኩል ደግሞ ከማዳጋስካር የመጡ ባሮች። «የአባቴ አያት ስም አልነበራቸውም» አሉኝ። «በ1848 ነፃ ሲወጡ መዝገብ ላይ የጻፉላቸው ስም ነው፣ እኔም እሱን ይዤ ነው ያለሁት።»

ከዚያ ሁለተኛውን ጽሑፍ ነገርኳቸው። ይህ ከግጥሙ በፊት የወጣ ነው፣ በ1840 ሬን ውስጥ፣ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ በሚሠራበት መጽሔት ላይ በዝርው ያሳተመው። ታሪኩ ያው ነው፦ ወጣቱ አንዲት ቆንጆ ልጅ ያፈቅራል፣ በቤተ ክርስቲያን ያያታል፣ ድምፅዋን ግን ሰምቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከማንሺዋ ውስጥ ስትናገር ይሰማታል። የምትናገረው ለተሸካሚው ነው። ማንሺው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከተማ ካልደረሰ ማታ ሃያ አምስት ጅራፍ ትቀምሳለህ ትለዋለች። ወጣቱ ይቀርብና ከእንግዲህ አልወድሽም ብሏት ይሄዳል።

እዚያኛው ላይ ተሸካሚው ስም አለው። ሉዊ ይባላል።

እማማ ብዙ ዝም አሉ። «ታዲያ ግጥሙ ላይ ጅራፉን ለምን አወጣው?» አሉኝ። እኔም ለዓመታት ስጠይቅ የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ማይዶ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነሳን። ማይዶ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ደመናው ሁሉንም ይሸፍነዋል። የወንድማቸው ልጅ በትናንቱ ስለተፀፀተ ነዳጅ እንኳን አላስከፍልም አለኝ፣ በስንት ልመና 20 ዩሮ ተቀበለ። መንገዱ በጊዮም አልፎ ፕቲት ፍራንስ ላይ የጄራኒየም ዘይት ሲያነጥሩ ሽታው መኪናው ውስጥ ይገባል። ከፍ ባልን ቁጥር ብርዱ እየጨመረ ሄደ። ካፖርቴ ሥራ አገኘ። አየሩን ሳብ ሳደርገው እንጦጦ ነው፣ ሌላ ምንም ማለት አልችልም።

ጫፉ ላይ ስንቆም ከእግራችን ሥር መሬት የለም። ማፋት የሚሉት ትልቅ ጎድጓዳ ነው፣ ዙሪያውን ገደል። ዛሬም መንገድ አልገባበትም፣ ወደ 800 ሰው ይኖርበታል፣ በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ነው የሚደርሱት። ስሙ ከጌቶቹ አምልጦ እዚያ ከገባ ሰው የመጣ ነው። ያመለጡትን «ማሮን» ይሏቸዋል። ትይዩ ያለው ሲማንዴፍ የሚባለው ተራራም በአንዳቸው ስም ነው የሚጠራው። አዳኞች ይላኩባቸው ነበር፣ እጅ ቆርጦ ላመጣ ይከፈለው ነበር።

ለኮንት ደ ሊል በ1846 «ሳካቶቭ» የሚል አጭር ልቦለድ አሳትሟል፣ ወደ ተራራ ስላመለጠ ባሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የ1848ቱ አብዮት ሲፈነዳ፣ ፓሪስ ያሉትን የደሴቲቱን ወጣቶች ሰብስቦ የባርነትን መቅረት የሚደግፍ ደብዳቤ አስፈረመ። ቤተሰቡ ገንዘብ መላኩን አቆመ። ልጃቸው ያስወገደው የእነሱን ንብረት ነበርና። ግሪክና ላቲን እያስተማረ፣ በችግር ኖረ። ሆሜርን ወደ ፈረንሳይኛ መለሰ። ወጣት ገጣሚዎች በዙሪያው ተሰበሰቡ፣ ፓርናስያውያን ተባሉ፤ ስሜትህን አደባባይ አታውጣ፣ ግጥሙን እንደ እብነ በረድ ጥረበው የሚሉ ናቸው። በ1886 የቪክቶር ኡጎን ወንበር በፈረንሳይ አካዳሚ ወረሰ።

ይህን ሁሉ ስል ጉድለቱን አልደብቅም። ከናፖሊዮን 3ኛ በስውር የወር አበል ይቀበል እንደነበር በ1870 ተጋልጧል። ሪፐብሊክ ብሎ የጮኸ ሰው ነበርና ወዳጆቹን አሳዝኗል። ግን በ29 ዓመቱ፣ እንጀራው በቤተሰቡ እጅ ሳለ፣ ያን ደብዳቤ መፈረሙን የሚያስረሳኝ አይደለም። ስንቶቻችን የአባታችንን ንብረት በሚያሳጣ ወረቀት ላይ እንፈርማለን?

ሦስት ሰዓት ሲሆን ደመናው ከታች ተነስቶ መጣ፣ ማፋትን እንደ ወተት ሞላው። ተመለስን።

ታኅሣሥ 9፣ ዝናብ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የቤታችን የሐምሌ ድምፅ ነው። እግሬንም ማሳረፍ ነበረብኝ።

እማማ ስለ ጾሜ ከገባቸው ጀምሮ እንደ ዘመድ ተጨንቀውልኛል። የሲላኦስ ምስር በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ ቀቀሉ። ከጎኑ ብሬድ አለ፣ የቅጠል ጥብስ፣ ልክ እንደ ጎመን። ከዚያ ሩዝ። ሁሌ ሩዝ አለ፣ እንጀራቸው ሩዝ ነው። ሩጋይ የሚሉት ደግሞ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከታትፎ በጥሬው የሚበላ ነው፤ በእንጀራ ብጠቀልለው የቲማቲም ፍትፍት ይወጣው ነበር። ከሻንጣዬ በርበሬ አወጣሁላቸው። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሌላ ጨመሩ። የቀረውን በብልቃጥ አድርጌ ተውኩላቸው።

ታኅሣሥ 10፣ የነፃነት ቀን

በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 20 ነው። በዚህ ቀን በ1848 የፈረንሳይ ኮሚሽነር ሳርዳ ጋሪጋ የባርነትን ማክተም በደሴቲቱ አወጀ፣ ከ60,000 በላይ ሰው ነፃ ወጣ። ፌት ካፍ ይሉታል። ሱቅ ዝግ ነው፣ ሰው ደጅ ነው።

ባሕሩ ዳር ከበሮ የተጀመረው ከቀትር በኋላ ነው። ማሎያ ነው ሙዚቃቸው። ሩሌር የሚሉት ትልቅ ከበሮ ላይ ሰውየው እንደ ፈረስ ተቀምጦ ይመታል። ካያምብ ከሸንኮራ አበባ ዘንግ የተሠራ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፣ ውስጡ ፍሬ አለ፣ ሲወዘውዙት አሸዋ ላይ የሚመለስ ማዕበል ይመስላል። አንድ ሽማግሌ ቀስት የሚመስል ነገር ይዘው ነበር፣ ቅል የተሰፋበት፣ ክሩን በዘንግ ይመቱታል። ስሙን ጠየቅኳቸው። «ቦብር» አሉኝ። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የማንሺው ግጥም ውስጥ አለ፣ ተሸካሚዎቹ ጉልበት የሚያገኙት ጥቁሮቹ በሚመቱት በማዳጋስካሩ ቦብር ነው። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ከበሮ ይመስለኝ ነበር። ቀጭን፣ የሚያዝን፣ እንደ ክራር የታችኛው ክር ያለ ድምፅ ነው።

ማሎያ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በባለ ሥልጣናት ሲገፋ የኖረ ሙዚቃ ነው፣ በ2009 ዩኔስኮ መዘገበው። የሚዘፍኑት በክሬዮል ነው። ከአሥር ቃል ሁለቱን ባገኝ ነው፣ ግን አንዱ ሲጠራ ሌላው ሲመልስ ከእኛ የገጠር ዘፈን ምንም አይለየውም፣ ትከሻዬ ብቻውን ሄደ።

ጠዋቱን ግን እማማ ሌላ ቦታ ወስደውኝ ነበር። ከግቢያቸው ቀይ አበባ ቆረጡ፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉበት፣ ክንዴን ይዘው ወደ መቃብሩ ሄድን። በበሩ እንገባለን ብዬ ስጠብቅ አልገቡም። በነጩ አጥር ዙሪያ ወደ ውጪ ይዘውኝ ሄዱ፣ አሸዋው ላይ።

በ2007 ከባድ አውሎ ነፋስ መጥቶ ነበር አሉኝ። ማዕበሉ አሸዋውን ሲያጥበው የሰው አጥንት ወጣ። ከአጥሩ ውጪ፣ ያለ ስም፣ ያለ ድንጋይ የተቀበሩ ናቸው። ኋላ ባለሙያዎች ቆፍረው መረመሩ፣ የባሮች መቃብር እንደነበረ ነው የሚታመነው። እኔ ቅዳሜ እዚህ መጥቼ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ሰዓት ሙሉ ስቀመጥ፣ ወደዚህ አላየሁም።

ግጥሙ ልጅቷ የተኛችው በባሕሩ ዳር ደረቅ አሸዋ ውስጥ ነው ይላል። ጻፈው፣ ከዚያ እሱንም አመጡት። ከአጥሩ እስከ እማማ እግር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

እማማ አበባውን አሸዋው ላይ አስቀመጡ። ነፋሱ እንዳይወስደው ጥቁር ድንጋይ ጫኑበት። ጸሎት አደረጉ፣ በክሬዮል፣ ለራሳቸው። እንሂድ ብዬ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ያ ልጅ ማን ነበር ስሙ?» አሉኝ። «ማንሺ ተሸካሚው።»

«ሉዊ።»

ወደ አሸዋው ዞረው ጮክ ብለው ጠሩት።